መጽሐፍ ያልደረሰለት ዕድሜ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ተነሥቶ ሞዛምቢክ የገባ አንድ የጭነት መኪና ቴቴ በተባለው ግዛት ሲፈተሽ፣ በጫነው ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ። በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ አካባቢ ባለ ደን ውስጥ ከ25 በላይ ሰዎች በጅምላ የተቀበሩበት ጉድጓድ ተቆፍሮ ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። በሁለቱም ቦታ የሞቱት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀር የየአገሩ ፖሊስ አስታወቀ። የሦስቱም መንገድ አንድ ነው፤ በሞያሌ ወጥቶ ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ላይ የሚያበቃው መንገድ። ይህን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ናቸው።

ዜና የሞቱትን ይቆጥራል። ከቁጥሩ ወዲህ ያለው ሰው አይታየውም። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በሆመቾና በአንጋጫ ከሄደው ወንድም ኋላ የቀረ ታናሽ አለ። ዕድሜው አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ነው። መርዶ ሲመጣ አባትን እድርተኛው ይከበዋል፣ እናትን ጎረቤት ደግፎ ይይዛታል። ታናሹ ከእድሩ ቤት ወንበር ያመላልሳል፣ ለእንግዳ እጅ ያስታጥባል፣ ቡና ያቀርባል፣ ሽማግሌ ሲገባ ተነሥቶ ቦታ ይለቃል። ሐዘኑ የእሱም እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ድንኳኑ ሲነቀል ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ መምህሩም ካቆሙበት ምዕራፍ ይቀጥላሉ።

ለዚህ ልጅና ለእኩያው እህቱ የተጻፈ ልቦለድ ያስፈልጋል። በእነሱ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያዝንበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያፈቅርበት፣ ማን እንደሆነ የሚጠይቅበት፣ ታሪኩም በሆሳዕና ጎዳናና በአምበሪቾ ተራራ ሥር የሚካሄድ መጽሐፍ። ይህን ከስንዴና ከማዳበሪያ፣ ከሥራ አጥነትና ከመንገድ ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ከተሞች ወጣት የሚኖረው ሕይወት ራሱ የልቦለድ ጭነት ተሸክሟል። የሚነግረው ሰው ስለጠፋ ጭነቱ አልቀለለም።

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ሟቹ ሩቅ አገር ከሆነ ወሬው ለቀናት ይታፈናል፣ ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ቤቱ ይንኳኳል። ለቤተሰቡ የሚነገረው ከጎኑ የሚይዘው ሰው ባለበት ነው። ዛሬ ይህን ሥርዓት ስልክ ይቀድመዋል። ፎቶና “ነፍስ ይማር” የሚል ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ሳይሆን የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ነው። አንድ ደራሲ ከዚህ ይጀምር፦ ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከጓደኛው ስልክ ላይ የወንድሙን ፎቶ ያያል፤ ቤት ሲገባ እናቱ ምንም አልሰማችም፤ አባቱ ሰምቷል፣ ግን ሽማግሌዎቹ ለነገ ማለዳ ቀጥረዋል፤ ሌሊቱን በሙሉ ልጁ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ ከእናቱ ጋር ራት መብላት አለበት። ለዚህ ሌሊት የሚሆን ስብከትም፣ የመማሪያ መጽሐፍ ምንባብም የለም። ልቦለድ ግን ይችለዋል።

ሌላም ክብደት አለው። አስከሬኑ አይመጣም፤ ቢመጣም ዘግይቶ በታሸገ ሣጥን ነው። በማላዊ ደን የተቀበረ፣ በታንዛኒያ እስር ቤት የጠፋ፣ መንገድ ላይ ስልኩ የተዘጋ ልጅ ሞተ ለማለት ማስረጃ የለም፣ አለ ለማለትም ተስፋው ይመነምናል። ትልልቆቹ በጸሎትና በጊዜ ይጽናናሉ። ታዳጊው ከ“ምናልባት” ጋር ብቻውን ያድጋል፤ የማያውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ደረቱ ይመታል።

ይህን ዓይነት ሐዘን የያዘ አንድ መጽሐፍ በከምባትኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 “ቃኪቹ ላሃ” በሚል ርዕስ ጀርመን ውስጥ ቲንተንፋስ በተባለ አሳታሚ ታትሞ ወጣ። ዓለም “ትንሹ ልዑል” ብሎ የሚያውቀው፣ ፈረንሳዊው አንቷን ደ ሴንት-ኤግዙፔሪ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ወደ ከምባትኛ የመለሱት ደግነት ወታንጎ ዶይሶ እና የቋንቋው ሰዋስው ላይ ለረጅም ዓመታት የሠሩት የቋንቋ ተመራማሪ ኢቮን ትራይስ ናቸው። በመቶዎች በሚቆጠሩ የዓለም ቋንቋዎች የተነበበ መጽሐፍ በከምባታ ልጅ አፍ መፍቻ ቋንቋ መገኘቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሚደንቀው ግን የታሪኩ መግጠም ነው።

ትንሹ ልዑል ከሚወዳት ጽጌረዳ ጋር ተኳርፎ የትውልድ ቦታውን ትቶ የሄደ ልጅ ነው። ዋጋዋን የሚያውቀው ከራቃት በኋላ ነው። ከአንድ ምድር ወደ ሌላ ምድር ሲዞር ብዙ ትልልቅ ሰዎች ያገኛል፤ አንዱ ሀብቱን ይቆጥራል፣ አንዱ አድናቆት ይለምናል፣ አንዱ የሚያዘው ሕዝብ ሳይኖር ያዛል። መጨረሻ ላይ እባብ ነድፎት ይወድቃል፤ በማግሥቱ አካሉ ከወደቀበት ቦታ አይገኝም። ታሪኩን የሚነግረን ጓደኛው አካሉን ስላላገኘ ቤቱ ገባ ብሎ ያምናል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም ግን የመመለሱን ወሬ ይጠብቃል። ደራሲው ራሱ አብራሪ ነበር፤ ሐምሌ 1936 ዓ.ም. ለቅኝት ተነሥቶ በሜዲትራኒያን ላይ እንደወጣ ቀረ። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ማንነት በእርግጠኝነት የታወቀው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በወንድሙ ስም ባዶ ሣጥን እንኳ ያልቀበረ የዱራሜ ልጅ ይህን መጽሐፍ ቢያገኝ፣ ፈረንሳይ ውስጥም እንደዚህ የጠበቀ ሰው እንደነበረ ያውቃል።

ያገኘዋል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። በአውሮፓ የታተመ መጽሐፍ በዩሮ ይሸጣል። ከአንጋጫ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ለመድረስ ብዙ ደጋፊ እጅ ይፈልጋል። የከምባታ ዞን ትምህርት መምሪያና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲውማ ዱራሜ ላይ ካምፓስ አለው፣ ከአሳታሚውና ከተርጓሚዎቹ ጋር ተነጋግረው የአገር ውስጥ እትም ቢያወጡ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ንባብ ነገ ጠዋት ይጀመራል። ትርጉም ግን የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የበረሃውን ልዑል ካገኘ በኋላ ልጁ የራሱን ሰፈር መፈለጉ አይቀርም።

ሌላው ዓለም ለዚህ ዕድሜ መጻፍ የጀመረው ልጆቹ ራሳቸው ጠይቀው ነው። ኤስ. ኢ. ሂንተን የተባለች የኦክላሆማ ልጅ “ዘ አውትሳይደርስ” የተባለውን ልቦለድ መጻፍ ስትጀምር 15 ዓመቷ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም ደግሞ 18። የምትኖረውን ሕይወት የሚያሳይ መጽሐፍ አጥታ ራሷ ጻፈችው። ባለታሪኳ ወላጆቹን በመኪና አደጋ አጥቶ በታላቅ ወንድሙ እጅ የሚያድግ ልጅ ነው። የሚጣሉበት፣ የሚሸሽበት፣ ጓደኞቹን በሞት የሚያጣበት ታሪክ ነው። እነሆ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። ደራሲዋ ካትሪን ፓተርሰን ደግሞ የልጇ የቅርብ ጓደኛ በመብረቅ ስትሞት፣ ልጇ የሚይዘውን ሲያጣ አይታ “ብሪጅ ቱ ቴራቢቲያ”ን ጻፈች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካን ትልቁን የልጆች መጽሐፍ ሽልማት ኒውበሪን አገኘ። ሞት ለልጅ ይከብዳል ብለው ከየቤተ መጻሕፍቱ እንዲወጣ የጠየቁ ወላጆች ነበሩ፤ መጽሐፉ ግን ጸንቶ ቆየ፣ ምክንያቱም ሞት ልጆቹ ቤት ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ከሁሉም የሚቀርበን የቤንጃሚን ዜፋናያ “ሬፊዩጂ ቦይ” ነው። ዜፋናያ በርሚንግሃም የተወለደ፣ የዘር ሐረጉ ከካሪቢያን የሚመዘዝ ገጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው በዚህ ልቦለድ ባለታሪኩ አለም ይባላል፤ 14 ዓመቱ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ አባቱ ለዕረፍት ብሎ ለንደን ወስዶ ደኅንነቱን አስቦ ትቶት ይመለሳል። ልጁ የእናቱን ሞት የሚሰማው በባዕድ አገር ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ታሪኩን ለመድረክ አዘጋጅቶታል። የብሪታንያ ተማሪ የኢትዮጵያዊ ታዳጊን ሐዘን በክፍሉ ሲያነብ፣ የሆሳዕና ተማሪ የገዛ ጎረቤቱን ሐዘን የሚያነብበት ገጽ ማጣቱ የሚያስቆጭ ነው።

የአማርኛ ልቦለድ በፍቅርና በሐዘን ድሃ አይደለም። የሀዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በዛብህና ሰብለወንጌል የየቤቱ ልጆች ሆነዋል፤ በተለይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ማንበብ የማይችለውም በጆሮው ተከተላቸው። የሲሳይ ንጉሡ “ሰመመን” የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ፍቅር ይዞ ትውልድ አስነብቧል። አዳም ረታ በ1997 ዓ.ም. ባወጣው “ግራጫ ቃጭሎች” የአንድን ልጅ ዕድገት ከውስጥ አሳይቷል። እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን አንደኛው የፊውዳሉ ዘመን ጎጃም ነው፤ ሁለተኛው ካምፓስ ከገቡ በኋላ ያለ ሕይወት ነው፤ ሦስተኛው በንባብ የበሰለ ሰው የሚጠይቅ ድርሰት ነው። ለሕፃናት ተረት ይታተማል፣ ለአዋቂ ልቦለድ ይታተማል። ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጅ በመካከል ቀርቷል። ልቦለድን የሚያውቀው ከሥሩ የፈተና ጥያቄ በተደረደረበት ቅንጫቢ ምንባብ ነው።

የንባብ ፍላጎት የለም የሚለው ክርክር አይሠራም። ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የሚለቀቁ የፍቅር ታሪኮችን የሚከታተለው ማን ነው? “ይቀጥላል” የሚል ቃል አይተው እስከ ማታ የሚጠብቁት፣ ቀጣዩ ክፍል ሲዘገይ የሚወተውቱት እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው። አራሚ የለው፣ አርታኢ የለው፣ አብዛኛው ታሪክ አዲስ አበባ ባለ ትልቅ ቪላ ውስጥ ይካሄዳል፣ ሴቷ ታለቅሳለች፣ ወንዱ መኪና ይነዳል። ልጆቹ እንዲያም ሆኖ ያነባሉ። ባጃጅ የሚነዳ አፍቃሪ፣ ከቆጮ ፍቀት የተመለሰች እጇ የሻከረ ልጅ፣ አካባቢያዊ ሽታና ቋንቋ ያለው ታሪክ ቢመጣላቸው ይተዉታል ብሎ መጠርጠር ልጆቹን አለማወቅ ነው።

ፍቅሩም ቢሆን በዚህ አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው፣ ያውም ዓለም የተናገረለት። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ከምባታ ውስጥ ተወልደው፣ ውኃ ልቅዳ ብለው እየወጡ ፊደል ቆጥረው፣ ከዚያ እስራኤልና አሜሪካ ደርሰው የተማሩ ሴት ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ተገርዘዋል፤ እህታቸውንም በወሊድ አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመልሰው ኬ.ኤም.ጂ. ኢትዮጵያ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ሥራቸውም መንደር ለመንደር ሰዎችን አስቀምጦ ማነጋገር ነበር። ከዚህ ውይይት ውስጥ አንድ ሠርግ ወጣ። ሙሽራይቱ አለመገረዟን፣ ሙሽራው ያልተገረዘች ልጅ በማግባቱ መደሰቱን የሚናገር ጽሑፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሕዝብ ፊት ቆሙ፤ ሊያዩ የመጡት በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ።

ያ ሠርግ በሪፖርቶች ውስጥ የስኬት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ልቦለድ የሚጠይቀው ግን ሪፖርቱ የዘለለውን ነው። ከሠርጉ ስድስት ወር በፊት እነዚህ ሁለት ልጆች ምን ተባባሉ? መጀመሪያ አፉን የከፈተው ማን ነው? ልጅቷ ለእናቷ ስትናገር እናቷ እሳት እየቆሰቆሰች ዝም አለች ወይስ ተቆጣች? የሙሽራው ጓደኞች ምን ብለው ሰደቡት፣ እሱስ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ተጠራጠረ? አፍላ ፍቅር ወግ ሲገጥመው የሚታየው እዚያ ነው። ዶ/ር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዐርፈዋል። ያን ዘመን ያዩት እናቶችና አባቶች ግን አሉ፤ ጠያቂ ደራሲ ካገኙ ይናገራሉ።

ዛሬ ደግሞ የፍቅሩ ፈተና ከሌላ ወገን ይመጣል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ደብተር እየተዋዋሰች፣ ከትምህርት ቤት እስከ አስፋልቱ አብራ እየሄደች የጀመረችው ነገር አለ። አንድ ቀን “ሳውዝ” የሚሉት ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ፎቶው ያምራል፣ ሱቅ አለው፣ ለእናቷ ቤት እሠራለሁ ይላል። ቤተሰቡ ጨካኝ አይደለም፤ ድህነትን አውቆ ለልጁ የተሻለ የሚመኝ ቤተሰብ ነው። ልጁም የሚሰጣት የለውም፣ ከዚያው መንገድ ላይ መሄድ ካልሆነ በቀር። እዚህ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚወዳት ሰው ነው፣ ውሳኔው ግን እሷን የሚሰብር ሊሆን ይችላል። አንድ ጥሩ ደራሲ ይህን ብቻ ይዞ መቶ ገጽ ይጽፋል።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ ልጆችን ያበላሻል የሚል ወላጅና የሃይማኖት አባት መኖሩ የታወቀ ነው፤ ስጋታቸውም ከፍቅር የመነጨ ነው። አንድ ሰው ግን ይመልስላቸው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያገኙት በ19 ዓመታቸው ነው፤ እሱም ተራ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልቦለድ ነበር። ሕይወቴን የቀየረው እሱ ነው ብለው ደጋግመው ተናግረዋል። ከአገር ተሰደው ሳንፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ፤ እዚያ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ፤ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እያዞሩ አስነበቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲ.ኤን.ኤን. ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አላቸው። ያ ሁሉ ሥራ የተነሣው ብዙ ወላጅ ከልጁ እጅ ከሚቀማው ዓይነት መጽሐፍ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ሊረዱት ይገባል። በሀዲያና በከምባታ ማንበብን ወደ ገጠሩ ቤት ካስገቡት መካከል የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግንባር ቀደም ናቸው። ሰው የሚሰማው ታሪክ ሕይወቱን እንደሚያንቀሳቅስም በዓይናቸው አይተዋል። ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ ስለ ሀዲያ ፍልሰት በጻፏቸው ጥናቶች ከመሬት ጥበትና ከሥራ ማጣት ጎን አንድ ነገር ይጠቅሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከካናዳ የመጡ ሰባኪ ሆሳዕና ላይ የተናገሩት፣ ወደ ደቡብ የሚከፈት በር አለ ተብሎ የተተረጎመ ትንቢት። ያን የሰሙ ብዙዎች መንገዳቸውን እንደ ጥሪ ቆጠሩት። አንድ ንግግር ይህን ያህል ሰው ካስነሣ፣ ለልጆቹ ሌላ ታሪክም መንገር፣ በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን፣ ሳይሄድ የቀረው ምን እንደሆነ፣ የሄደውም ሌሊት ምን እንደሚያልም መንገር የእረኝነት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ለሚጽፈውም ሰው የሚባል አለ። ስደት አስተማሪ በሆነ ድምፅ ሲጻፍ ልጆቹ ገጹን ይገለብጡታል፤ ያንን በግድግዳ ፖስተር ላይ ጠግበውታል። የሆሳዕና ፎቆች ብዙዎቹ በሳውዝ ገንዘብ እንደተሠሩ ያውቃሉ። የአንዱ ወንድም ሞቷል፣ የሌላው ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካል፣ ሦስተኛው በ2000 ወይም በ2007 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት ሱቁ ተዘርፎበት እንደገና ጀምሯል። ደላላውም ብዙ ጊዜ የሰፈር ልጅ ነው፣ እናቱ ከሟቹ እናት ጋር አንድ ዕቁብ ይጥላሉ። እውነቱን ሙሉውን የያዘ ልቦለድ ብቻ ነው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚያምነው። ሐዘኑም ሁልጊዜ ጨለማ መሆን የለበትም፤ በመስከረም የያሆዴና የመሳላ በዓል ሲደርስ ወንድሙ የሌለበት ግቢ ውስጥም ይታረዳል፣ ይጨፈራል፣ ልጁም ከሳቀ በኋላ ለምን ሳቅሁ ብሎ ይጸጸታል። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ይጻፈው።

የቋንቋው ጉዳይም መፍትሔ አለው። ልጆቹ የመጀመሪያ ደረጃን በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ይማራሉ፣ በላቲን ፊደል ያነባሉ፤ አማርኛውን ከክልሉ የሥራ ቋንቋና ከአደባባዩ ጋር ያገኙታል። ስለዚህ ይህ ሥነ ጽሑፍ በሦስቱም ቋንቋ ቢያድግ ማንም አይጎዳም። ለቅሶውን በሀዲይኛ የጻፈ፣ የፍቅር ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፈ ባለታሪክ ለእነዚህ ከተሞች እንግዳ አይደለም። አርታኢ ሊፈራው አይገባም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከመቶ እስከ መቶ ሃያ ገጽ ያለው ቀጭን መጽሐፍ ለአንድ ወረዳ ትምህርት ቤቶች በሚበቃ ቁጥር ማሳተም፣ ለአንድ ትልቅ የሠርግ ድግስ ከሚወጣው ጋር ሲተያይ ከአቅም በላይ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ያሉት ማኅበረሰቦች ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትምህርት ቤት፣ ለአስከሬን ማስመለሻ ገንዘብ ሲያዋጡ ኖረዋል። ታሪኩ የእነሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ወጪ እንዲሸፍኑ ቢጠየቁ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አይታይም።

ሥራው ግን ከደራሲ ፍለጋ ይጀምራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ የባህልና የትምህርት ውሳኔ እንደ ድሮው ሐዋሳ ድረስ አይሄድም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን አሉት፤ የሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነገ በየቀበሌው የሚያስተምሩትን ያሠለጥናል። ሁለቱ ተባብረው በሦስቱ ቋንቋዎች፣ ከ15 እስከ 22 ዓመት ላሉ ጸሐፊዎች አንድ የልቦለድ ውድድር ሊያወጡ ይችላሉ። ገደቡ አጭር ይሁን፦ ባለታሪኩ ከ18 ዓመት በታች፣ ቦታው ከእነዚህ ከተሞች ወይም ገጠሮች አንዱ፣ መጨረሻው ጸሐፊው እንደፈለገው። ለተመረጡት አምስት ወይም ስድስት ልጆች ሽልማቱ ገንዘብ ብቻ አይሁን፤ ልምድ ያለው አርታኢ ለአንድ ክረምት አብሯቸው ይቀመጥ፣ ረቂቃቸውን እያነበበ ይመልስላቸው፣ እንደገና ይጻፉ።

መጽሐፉ እስኪታተም መጠበቅም አያስፈልግም። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ፤ በዕረፍት ሰዓት ማስታወቂያና ሙዚቃ ያስተላልፋል። ከተመረጡት ታሪኮች በሳምንት ሁለት ቀን አሥር ደቂቃ ቢተረክበት፣ ሬዲዮ ለ“ፍቅር እስከ መቃብር” ያደረገውን በትንሹ ለግቢው ይሠራል። ከትረካው በኋላ ተማሪዎቹ የሚያወሩበት ጊዜ ይኑር፤ የሥነ ልቦና አማካሪ ያለበት ትምህርት ቤት አማካሪው ይገኝ፣ የሌለበት ልጆቹ የሚያምኑት አንድ መምህር ወይም መምህርት ይቀመጡ። የወንድሙን ስም በክፍል ጓደኞቹ ፊት ጠርቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ባለታሪኩ ወንድም መናገር ይችላል፤ ከዚያ ስለ ራሱ ለመናገር ብዙ አይቀረውም።

የመጀመሪያው ጥሪ ከሀዲያና ከከምባታ ዞኖች ትምህርት መምሪያዎች ቢወጣና ትምህርት ሲከፈት ለቋንቋ መምህራን ቢደርስ፣ እስከ ገና ድረስ ረቂቆች መሰብሰብ ይጀምራሉ፣ በክረምቱ የአርታኢዎቹ ሥራ ይከናወናል፣ ከዚያ በኋላ ባለው መስከረም መጻሕፍቱ በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ደብዳቤ የሚፈርም አንድ ኃላፊ ይበቃል።